በላፕቶፕሽ ሆድ ላይ የተለጠፈው ቁጥር

ለብርቄ፣ ለፍሬ እናት፤

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንቺን ስለ ጤናሽ ብጠይቅ ትስቂብኛለሽና የራሴን ልንገርሽ። ደክሞኛል። አልታመምኩም፣ እንቅልፍም አላጣሁም፤ ጠዋት ስነሳ ግን የትናንቱ ድካም ቀድሞኝ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን እንደ ወጉ አወጣን፤ ሰው መጣ፣ በላ፣ ነፍስ ይማር አለ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እንግዲህ በቃ፣ ጠንከር በል» ይለኛል። እኔም እሺ እላለሁ። እሺ ለማለት ጉልበት አይጠይቅም።

የቤቱ ወሬ ይህን ይመስላል። ልጃችን ሦስተኛ ዓመቷን ጀምራለች። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው የምታድረው፤ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣለች፣ እሁድ ከሰዓት ትመለሳለች። የእንጅባራን ብርድ አልቻልኩትም ብላ ያንቺን ግራጫ ሹራብ ወስዳዋለች፤ እኔም አልከለከልኳትም። የሱቅሽ ጣሪያ ከኮፒ ማሽኑ በላይ ያፈስ አልነበር? በዚህ ክረምት ቆርቆሮውን ቀየርኩት። ይህን ጣሪያ ሥራልኝ ብለሽ ስድስት ዓመት ለምነሽኛል። የአናጺ ቤት ያፈሳል እያልሽ ለጎረቤት ሁሉ አምተሽኛል። ስሠራው አንድ ቀን ብቻ ፈጀ። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ሱቁን አልዘጋሁትም። እስከ ምሳ ድረስ እንጨት ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፤ ከምሳ በኋላ የመጋዝ ብናኙን ከላዬ አራግፌ ያንቺን በር እከፍታለሁ። ፎቶ ኮፒው ይቀናኛል። ጽሕፈቱ ግን በሁለት ጣት ስለሆነ፣ አንድ ማመልከቻ ጽፌ እስክጨርስ ባለጉዳዩ ገበያውን ዞሮ ይመለሳል። ደግሞ ከገጠር የሚመጡት ሰዎች አሁንም በአዊኛ ነው የሚጀምሩልኝ። እኔ የቢቸናው ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ካንቺ ጋር ኖሬ፣ ግማሹን እሰማለሁ፣ በግማሹ አንገቴን እነቀንቃለሁ። አንቺ በአዊኛ ሰምተሽ በአማርኛ ስትጽፊላቸው ሰውዬው ሊል የፈለገው ነገር አንዱም ከመንገድ አይቀርም ነበር። እኔ ስጽፍ የሰውዬው በሬ ታሞ ከሆነ ሰውዬው ራሱ የታመመ ይመስላል። እየሳቁ ያስተካክሉኛል። ሰዎቹ ደጎች ናቸው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ላፕቶፕሽ ነው።

ያ ላፕቶፕ ለመከፈት ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ቁልፉን ትጫኚውና ትተሽው ትነሺ ነበር። ነጠላሽን አስተካክለሽ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ አባታችን ሆይ ትያለሽ። ቀጥለሽ እመቤቴን ታመሰግኛለሽ። ከዚያ ያለፉትን በክርስትና ስማቸው እየጠራሽ ነፍሳቸውን አስብ ትያለሽ፤ መጀመሪያ አባትሽን ወልደ ገብርኤልን፣ ቀጥሎ እናቴን ወለተ ሥላሴን፣ ወንድምሽን ኃይለ ጊዮርጊስን፣ መጨረሻ ላይ ያሳደገችሽን አክስትሽን አመተ ማርያምን። አክስትሽ ላይ ስትደርሺ ማሽኑ ጡን ብሎ ይከፈታል። በመካከላችን ያለው ግድግዳ የጣውላ ስለሆነ እኔ ከማዶ ሆኜ ሁሉንም እሰማ ነበር። ኮምፒውተር ነው የምትከፍቺ ወይስ ቅዳሴ ገብተሽ ነው ብዬ ስቀልድብሽ፣ ጸልዪ የሚለኝ ማሽኑ ነው ትይኝ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔም ቁልፉን እጫናለሁ፤ ከዚያ ግን ተቀምጬ ጥቁሩን መስኮት ማየት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልጸልይም። ከፍትሐትሽ ቀን ወዲህም የክርስትና ስምሽን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ቄሱ ሲጠሩት ሰማሁ፣ በቃኝ። ያንን ስም ከጠራሁ በእነዚያ ባለፉት መካከል እኔው በገዛ አፌ ያስገባሁሽ ይመስለኛል።

ከመስቀል በኋላ ላፕቶፑ ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። መጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ጠረጴዛውን አንስቼ ፈለግሁ። ከዚያ ከአምስት ቀን ሦስቱን አልከፈት አለ። ለፍሬ ደውዬ ድምፁን በስልክ አሰማኋት፤ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው አለችኝ። እንደ ድሮው ሸክላ የሚሽከረከር ነገር ውስጡ አለ፣ መርፌውም እየሳተ ነው፣ አሁን ሰው ሁሉ ኤስኤስዲ የሚባለውን ነው የሚያስገባ፣ እሱ የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም፣ አይደክምም፣ ፈጣንም ነው አለች። አይደክምም ያለችውን ነገር ወደድኩት። ግን ቸል አልኩ። ጣሪያሽን ስድስት ዓመት ቸል እንዳልኩት ማለት ነው። እማማ የሺ ባይመጡ ኖሮ አሁንም ቸል እንዳልኩ ነበርኩ።

እማማ የሺ እንዴት እንደመጡ ልንገርሽ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ የባላቸው የወንድም ልጆች እስከ ጅረቱ ያለው መሬት የእኛ ነው ብለው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የለ፣ የስምምነቱን ወረቀት አንቺ ጽፈሽላቸው፣ ሽማግሌዎቹም አውራ ጣታቸውን አሳርፈውበት? በገበያ ቀን እዚያው ወንበርሽ ፊት ተቀምጠው፣ ከዚያ ወረቀት የተረፈውን ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩኝ። አይጥ ከዳር እስከ ዳር በልታው አንድ የጣት አሻራ ብቻ ቀርቷል። ልጆቹ ክርክሩን እንደገና አንስተዋል፣ የቀበሌው መሬት ኮሚቴ በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ይቀመጣል፣ ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ ሞተዋል። እማማ ግን አልተጨነቁም። «እሷ እኮ ከማሽኗ ውስጥ አስቀምጫለሁ ብላኛለች፣ አውጣልኝ» አሉኝ። ውሃ ቅዳልኝ የሚሉ ነው የሚመስሉ።

እውነትም አስቀምጠሻል። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት ጽፈሽ፣ ተፈርሞ ሲመለስልሽ ስካን ሳታደርጊ ሰጥተሽ አታውቂም። በገበሬ ቤት ወረቀት የአይጥና የጭስ ነው ትይ ነበር። እነሱም ይህን ስለሚያውቁ ወረቀቱ ቢቀደድም ቢበሰብስም አይደነግጡም፤ ዳንግላ ያለችው ይዛልናለች ይላሉ። ላፕቶፕሽ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የነበረው። አንዱን ማኅደር «የሰው» ብለሽዋል፣ እያንዳንዱ ወረቀት በባለቤቱና በአባቱ ስም ተሰይሞ። ሌላውን «የቤት» ብለሽዋል። እዚያ ፎቶዎቻችን ነበሩ፤ ስልክሽ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት የገለበጥሻቸው ሁለት ቪዲዮዎችም ነበሩ። ድምፅሽ ያለበት ነገር በዚህ ዓለም ላይ እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

እና ለእማማ የሺ እሺ አልኳቸው። ለሁሉም እሺ ማለት ለምጄ የለ።

አዲሱን ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉም ለሁሉም እንደማይሆን ማወቅ አለበት አለችኝ ፍሬ። የላፕቶፑን ዓይነት ሳያውቁ ኤስኤስዲ መግዛት የሰው እግር ሳይለኩ ጫማ መግዛት ነው፣ ገልብጠው ከሆዱ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ያንብቡልኝ አለች። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አነበብኩላት። የእንግሊዝኛውን ፊደልና አሐዙን ሦስት ጊዜ ደገምኩላት፣ እንዳልሳሳት ብዬ በእርሳስ ጣውላ ላይ ጻፍኩት። ልጅሽ ስልኳ ላይ ፈልጋ ይህ የሚወስደው ኤም ቱ የሚባለውን ቀጭኑን ነው፣ በዚያም ላይ ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ዓይነት ነው አለች። ባሕር ዳር ካለ ሱቅ አስገዛች፤ በሚኒባስ ላኩልን። ሳየው አንድ ማስቲካ ያህል ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ድንበርና ውርስና የቀለብ ክስ እዚህ ላይ ይሰፍራል ብዬ ማመን አቃተኝ። ከደረሰኙ ግርጌ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ይላል፤ እኔም እቃውን በትክክል አዝዘናል፣ ለምን ይመለሳል ብዬ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ ጠዋት፣ እማማ የሺ ሊቀርቡ አንድ ቀን ሲቀር፣ ላፕቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ እንጅባራ ሄድኩ። እዚያ ጌትነት የሚባል ጠጋኝ አለ፤ የአርባ ዓመት ሰው ነው፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል፣ ወሬ የማይወድ። ገልብጦ ብሎኖቹን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ መነጽሩን አድርጎ ውስጡን አየ። ያቺን ማስቲካ የምታህል ዕቃ አንስቶ ውስጡ ያለው፣ ቦርድ የሚሉት ሰሌዳ ላይ ያዛትና ቦታው አለ፣ መሰኪያው ግን የለም አለኝ። ፋብሪካው ከዚህ ዓይነት ቦርድ ላይ ሳይገጥምለት ትቶታል። ቁጥሩን አንብበን ነው የገዛነው አልኩት። ክዳኑን አገላብጦ አየውና፣ ይህ ክዳን የዚህ ላፕቶፕ አይደለም፣ ከእሱ ቀጥሎ የወጣው ሞዴል ነው፣ እዚህ ጥግ ላይ ያለችውን ምሰሶስ በሞረድ የበላት ማነው አለኝ።

ብርቄ፣ የበላኋት እኔ ነኝ። ያየሁት የገዛ ሞረዴን ጥርስ ነው፤ በስተቀኝ አንዱ ጥርሱ ስለተሰበረ እንጨት ላይ የሚተወውን ጭረት የትም ባየው አውቀዋለሁ። የዚያን ጊዜ ሁሉም ትዝ አለኝ። ለወረዳው ሰዎች ጽሕፈት ልታደርሺ በባጃጅ ስትሄጂ፣ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቦርሳሽ አስፋልት ላይ ወደቀ። ጉልበትሽ ደምቶ ገባሽ፣ ያለቀስሽው ግን ለላፕቶፑ ነው። የታችኛው ክዳን ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ከአንድ አስተማሪ የተቃጠለ ላፕቶፕ ላይ ክዳኑን ለምነሽ አመጣሽ፣ ወንድማማቾች ናቸው ይገጥማል አልሽኝ። አልገጠመም። አንዲት የፕላስቲክ ምሰሶ ከለከለች። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ በሞረድ ቀስ እያልኩ ስፍቃት አንቺ የስልክሽን መብራት ይዘሽ ብናኙን በአፍሽ እፍ እያልሽ ታነሺ ነበር። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ያጠበቅኋቸው እኔ ነኝ። ልክ ሆነ ወይ አልሽኝ። ልክ ነው አልኩሽ። ያን ቀን ምሳ ሳንበላ ዋልን፤ ደስ ብሎን ነበር።

እና ይኸው፣ በገዛ እጄ የገጠምኩትን ክዳን ረስቼ፣ የሌላ ላፕቶፕ ቁጥር ለልጄ በስልክ አነበብኩላት። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛ በቃሉ የነገረኝን ልክ አላምን ብዬ በራሴ ሜትር ካልለካሁ እንጨት ያልነካሁ ሰው፣ የተጻፈ ነገር ሳይ አመንኩ። ጌትነት ኪሴ ውስጥ ያለችውን ሜትር አይቶ «በል ልካው እንግዲህ» አለኝ። የድሮውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ሰጠኝ፤ የመዳፍ ያህል ነው። ውፍረቱን ለካሁ፣ ሰባት ሚሊ ሜትር። የሚሰካበትንም አሳየኝ፤ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ሳታ የሚባለው ነው። ላፕቶፕህ የሚቀበለው ይህን መልክ፣ ይህን ውፍረት፣ ይህን መሰኪያ ያለው ኤስኤስዲ ብቻ ነው፣ የሚይዘውም ከአሮጌው እንዳያንስ፣ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው አለኝ። ከመደርደሪያው አንድ አወረደ። ያችን ማስቲካ በለውጥ ተቀበለኝና ጥቂት አስጨመረኝ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል፣ ማንም አያደርገውም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። አሮጌውን ዲስክ በገመድ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያይዞ ጆሮውን አስጠጋ። ይህ እንዳለ ከነሙሉው አይገለበጥም አለኝ። የታመመ ቦታው ላይ ሲደርስ ቆሞ ይቀራል። በየማኅደሩ እየለየን ብንሞክር ይሻላል፤ ግን ምን ያህል እንደሚቆይልን አላውቅም፣ መሐል ላይ ሊሞት ይችላል። ከየቱ ልጀምር አለኝ።

ሁለቱም ስሞች መስኮቱ ላይ ነበሩ። የሰው። የቤት።

«የቤት» ውስጥ ያለውን አውቀዋለሁ። አንደኛው ዘንገና ሐይቅ ዳር የተቀረጸው ነው፤ ጭቃው አዳልጦሽ ቁጭ ስትዪ፣ እኔ ላነሳሽ ስመጣ እኔም ስወድቅ፣ ፍሬ እየቀረጸች ስትስቅ፣ አንቺ ደግሞ ከእሷ በላይ ስትስቂ። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ነው፤ ምስር እየለቀምሽ ለፍሬ በአዊኛ ተረት ስትነግሪያት። ያን አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ምን እንደምትዪ ግን ሙሉውን አላውቅም። አንድ ቀን ፍሬን ቁጭ አድርጌ አስተረጉማለሁ እያልኩ ነበር። አንድ ቀን የምትባል ነገር ቤታችንን አቃጥላዋለች።

ከሰው ጀምር አልኩት።

ስለዚህ ነገር ልዋሽሽ አልፈልግም። ደግ ሆኜ አይደለም። ተናድጄብሽ ነው ያልኩት። የቤትን ላስቀድም ብል ከመቃብር ተነስተሽ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ በሕይወት ሳለሽም ምሳችን እየቀዘቀዘ የሰው ማመልከቻ ስትጨርሺ ኖረሻል፤ ፍሬ ታማ ተኝታ እንኳ «እኚህ እናት ከሩቅ ነው የመጡ» ብለሽ ሄደሻል። ሁልጊዜ ከሰው በኋላ ነበርን። አሁንም ከሰው በኋላ ሆንን። አልቅሼ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው ከጌትነት በር ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩት።

ቆይቼ ገባሁና አብሬው ማየት ጀመርኩ። ስሞቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። ስንቱን ሰው ነው ያወቅሽው አንቺ! ከጫግኒ ቆላ የወጡ፣ ከጥርባ የመጡ፣ የሙስሊሙ፣ የክርስቲያኑ፣ ከወሎ ሰፍረው የቀሩት፣ ሁሉም በአባታቸው ስም። አንዳንዱ ላይ ዲስኩ ይንተፋተፋል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ እኔና ጌትነት እንጠብቃለን፣ ከዚያ ያልፋል። የእማማ የሺ ሲያልፍ ጌትነትን ትከሻውን መታሁት፤ ደንግጦ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ «የሰው» አለቀ፣ ሦስት ወረቀት ብቻ ጎድሎ።

ከዚያ የቤትን ጀመረ። ፎቶዎቹ መጡ፤ የሠርጋችን ሳይቀር መጣ፣ የፍሬ ክርስትና መጣ። እስከ ሠላሳ ስምንት ድረስ ቆጠርኩ። ቪዲዮዎቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ቀጭ ማለቱም ቀረ። ጌትነት አጥፍቶ አቀዘቀዘው፣ እንደገና ሞከረ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በመጨረሻ መነጽሩን ከዓይኑ አውርዶ አንገቱ ላይ ለቀቀውና «ወንድሜ፣ አለቀለት» አለኝ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ከፍተው የሚያዩ ሰዎች አሉ ይባላል፣ እኔ ግን ተስፋ አልሰጥህም አለ። በሐቅ መናገሩን ወደድኩለት። አሮጌውን ዲስክ በጨርቅ ጠቅልዬ በጉያዬ ይዤ ተመለስኩ፤ አሁን ያንቺ የክር ማስቀመጫ መሳቢያ ውስጥ ነው።

በማግስቱ እማማ የሺ በጠዋት መጡ። ወረቀቱን አትሜ ሰጠኋቸው፤ የአምስቱ ሽማግሌዎች አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማንበብ ባይችሉም እያንዳንዱን አሻራ በጣታቸው እየነኩ ይህ የእገሌ ነው፣ ይህ የእገሌ ነው አሉኝ፤ ከሞቱት ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ትንሽ አቆዩት። ኮሚቴው አይቶ እስከ ጅረቱ ያለው መሬት የእማማ የሺ እንደሆነ ይጽና አለ። ከሰዓት በኋላ በልጃቸው አህያ አንድ ጆንያ ድንች አስጭነው መጡ። አይሆንም ብላቸው፣ ላንተ ማን አመጣ፣ ለእሷ ነው አሉ። ምን ልበላቸው? ድንቹን ተቀበልኩልሽ።

ቅዳሜ ፍሬ መጣች። ስለ ቪዲዮዎቹ በስልክ አልነገርኳትም ነበር፤ ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። የሰውን ማስቀደሜንም አልደበቅሁም። አየችኝና ተነስታ ጓዳ ገባች፣ እስከ ምሳ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው። ከእማማ የሺ ድንች ቀቅላ አቀረበች፤ በላን። ሰሃኑን ስታነሳ ግን ቆመችና የምስሩን ቀን ተረት እኮ በቃሌ አውቀዋለሁ አለችኝ። ስታስተኛኝም ስታጥበኝም የምትነግረኝ እሱን ነበር፣ ልተርጉምልዎት አለች። አይ፣ በአዊኛ ንገሪኝ አልኳት። ነገረችኝ። ግማሹን ሰማሁ፣ በግማሹ አንገቴን ነቀነቅሁ። አንድ ቦታ ላይ፣ ተረቱ ውስጥ ያለችው እንስሳ ስትናደድ መሰለኝ፣ ድምጿን አንቺ እንደምታደርጊው አወፈረችው። ሳታስበው ነው ያደረገችው። እኔ ግን ውሃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አሁን የሚቀረኝ የሰኞው ነገር ነው፤ ደብዳቤውን የጀመርኩትም እሱን ልነግርሽ ብዬ ነው።

ሰኞ ከምሳ በኋላ ሱቅሽን ከፈትኩ። አዲሱ ኤስኤስዲ ከገባበት ወዲህ ብቻዬን ስከፍተው የመጀመሪያዬ ነው። ቁልፉን ተጫንኩና እንደ ልማዴ ወንበሩን ስቤ ለመጠበቅ ልቀመጥ ስል፣ ተከፍቶ ጠበቀኝ። «ብርቅነሽ» ይላል መስኮቱ። ጌትነት ማን ብዬ ልሰይመው ሲለኝ ያንቺን ስም በለው ብዬው ነበር። አባታችን ሆይ ብለሽ ብትጀምሪ ኖሮ ስምህ ይቀደስ ላይ ሳትደርሺ ይከፈት ነበር። ዘጋሁትና እንደገና ከፈትኩት። ያው ነው። ሰው ሁሉ ለዚህ ፍጥነት ነው የሚለፋው፣ እኔም ለዚሁ ነው ከዳንግላ እንጅባራ የተንከራተትኩት፤ ግን ቅር አለኝ። ያ ሁሉ መጠበቅ ያንቺ ሰዓት ነበር። ተቀምጬ ጥቁሩን መስኮት ሳይ እንኳ፣ አሁን አባቷን ትጠራለች፣ አሁን እናቴን ትጠራለች እያልኩ በልቤ እከተልሽ ኖሯል፤ ይህን ያወቅሁት ሰኞ ነው። አሁን ማሽኑ ጸልይ የሚል ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ አጠፋሁት። ተነሳሁ። የመጋዝ ብናኙን ከትከሻዬ አራገፍኩ፣ ነጠላ አልነበረኝም፣ በስተምሥራቅ ወዳለው ወደ ኮፒ ማሽኑ ዞሬ ቆምኩ። አባታችን ሆይ አልኩ። ረስቼው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልረሳሁትም። እመቤቴን አመሰገንኩ። ወልደ ገብርኤልን አልኩ፣ ወለተ ሥላሴን አልኩ፣ ኃይለ ጊዮርጊስን አልኩ፣ አመተ ማርያምን አልኩ። አክስትሽ ላይ ስደርስ እንደ ድሮው ጡን የሚል ነገር አልመጣም። የሚያስቆመኝ ስላልነበረ ቀጠልኩ። ወለተ ኪዳንን አልኩ።

ከዚያ ቁልፉን ተጫንኩት፣ አንዲት ሴት የቀለብ ማመልከቻ ልታስጽፍ ገባች፣ በሁለት ጣቴ ጻፍኩላት። ሲፈረም ስካን አደረግሁና በእሷና በአባቷ ስም «የሰው» ውስጥ አስቀመጥኩት።

ጣሪያውን አዘግይቼብሻለሁ፣ ድምፅሽንም ጠብቄ አላቆየሁልሽም። ይህን ግን አላስታጉልብሽም፤ ሱቅሽን በከፈትኩ ቁጥር፣ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት፣ ቆሜ እጠራሻለሁ። ቦታሽ ከአክስትሽ ቀጥሎ ነው።

ባልሽ